ክፍል ሠላሳ አራት

ሐሙስ ማታ ሽምብጥ፣ ትሁን ግሮሰሪ ውስጥ
የቢራ ሳጥን ነው ገልብጠን የምንቀመጥ፤
ባጃጁን ደጅ አቁሞ፣ መረቡን በር ላይ ጥሎ
ድፍን ሰፈሩ ይመጣል፣ «ዛሬስ ይያዛል» ብሎ።

ዮናታን ነው ስሙ፣ የድራማው ወንጀለኛ፤
ኮቱ ውድ፣ ሳቁ ርካሽ፣ ሌሊቱን የማይተኛ፤
የድርጅቱን ካዝና ለቁማር አራግፎ፣
ቁልፉን በጓደኛው ኪስ ሸጉጦ፣ ዞሮ አልፎ፣
ሠላሳ ሦስት ሳምንት እየሸሸ ኖሮ
ዛሬ እናቱ ደጅ ነው፤ ፖሊስ አለ ከጓሮ።

«አትግባ! አንተ ሰው! ተመለስ!» ይላል ቤቱ፤
«ምን ሊያደርግ መጣ ደግሞ?» «ናፍቃው ነው እናቱ።»
«ከሰል መስሏል እኮ፣ ፊቱን አታዩትም?»
«የእጁን ነው ያገኘው፤ ለሱ አላዝንለትም!»
እንዲህ ነው የእኛ ሰፈር፤ መስኮቱ ውስጥ ላለ
ምክር አይነፍግም፤ ይጮኻል እየማለ።

እኔ ዝም።

እኔን ማንም «ተው» አላለኝም፣
የውርርድ ወረቀት ኪሴ ሲጠራቀም።
ወይም ብለውኝ ይሆናል፤ ጆሮዬ ጨዋታው ላይ ነበር።
አሥራ አንድ ቡድን እመርጣለሁ፤ አሥሩ ያሸንፋል።
ሁልጊዜ አንድ ነው የሚጎድል።

ወንድሜ አንሙት የጀልባ ሞተሩን በስድስት ዓመት ዓሣ ነው የገዛው፤
በቆሮሶ፣ በአምባዛ፣ ጣቱን መረብ እየበላው።
እኔ በአንድ ሌሊት በጆንያ ጠቅልዬ
ለማያውቀኝ ነጋዴ ሰጠሁት፣ «የራሴ ነው» ብዬ።

ሲነጋ ዘበኛው ተጠየቀ። አያ ሽባባው።
ያን ሌሊት ወባ ሲያንቀጠቅጠው ጋቢ ደርቤ ያለበስኩት እኔ ነኝ።
«እሱ ነው» አላልኩም፤ «ተኝቶ ነበር» አልኩ፤
ሁለት ቃል ናት፤ በሁለት ቃል የሰው እንጀራ ቆረጥኩ።
አሥራ ሰባት ቀን ጣቢያ ከረመ፤ ማስረጃ ጠፋ፣ ተለቀቀ፤
ሥራው ግን አልተመለሰ፤ ስሙም በዚያው ወደቀ።
አሁን ሎተሪ ያዞራል፣ ከወደቡ እስከ ድልድይ፤
አንዳንዴ እቆርጥለታለሁ፤ መልስ አልቀበልም፣ ዓይኑን ሳላይ።

ዛሬም ከጎኔ ነው፤ አንድ ሳጥን ላይ ሁለታችን፣
ትከሻው ትከሻዬ ላይ፤ ሌላ ቦታ አጥተን።

ዮናታን በሩን አንኳኳ። ቤቱ «ያዘው! ያዘው!» ሲል
አያ ሽባባው ብቻ፣ ለራሱ እንደሚያወራ፣
«ተውት፣ እናቱን ይይ፤ ነገ አይደርስም ወይ?»
«ሌባ ነው'ኮ አያ!»
«ሌባስ ቢሆን። የበላው ራሱን ነው። እዩት፣ ኮቱ ሰፋው።»

በሩ ተከፈተ፤ የእናትየው እጅ ብቻ ታየ፤

ድርግም።

«ኧረ የመብራት ያለህ!» «ዓባይን አጠገብ አስተኝቶ በሻማ!»
«ተይዟል፣ አልቋል፣ ምኑን ትጠይቃለህ?»
«ጓደኛው ይምረዋል።» «ማን? ያ የታሰረው?»
ትሁን ጓዳ ገብታ ክብሪት ትፈልጋለች።

አያ ሽባባው በጨለማው ወደ እኔ ዞረ፤
«አንተ ፊደል ቆጥረሃል፤ መጨረሻው ምን ይመስልሃል?»

ከጣና በኩል ነፋስ መጣ፣ የእምቦጭ ሽታ ይዞ፤
እምቦጭ አበባው ያምራል፤ ታች ሥሩ ተያይዞ
ማታ ጥርት ያለው ውኃ ጠዋት ታንኳ አያሳልፍ።
ምላሴ እንደዚያ ሆነ።

«ሞተሩን የወሰደው…» አልኩ።

«የምን ሞተር?» አለ። «ድራማው ላይ ሞተር የለም።»

ከዚያ ዝም አለ። ብዙ ዝም አለ።
ትከሻው ከትከሻዬ ላይ ተነሣ፤
ያረፈበት ቦታ በረደኝ።

ትሁን ከጓዳ ወጣች፤ ሻማዋን በመዳፏ ከልላ፣
በሰው ጉልበት መሃል ወደ እኛ ትመጣለች።
ትንሽ ብርሃን ናት፤ እፍ ብል ትጠፋለች።

አፌን ከፈትኩ።